ሜዳው አለ፣ ፈረሱ ተሸጧል

«ቤቴን ሊሸጡት ነው» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ጋዜጣውን ከጉልበታቸው ላይ ሳያነሱ።

እኔ ወጥ ቤት ገንፏቸውን እያማሰልኩ ነበር። ያኔ እንጀራዬ ሼፊልድና አካባቢዋ እየዞርኩ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው፤ እኛ አበሾቹ «ኬር» የምንለው ሥራ። ሴትዮዋ የሚኖሩት ባለ ሁለት መኝታ የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ውስጥ ስለሆነ ደነገጥኩ። በሰማኒያ ዓመት ደጃፍ ላይ ያለ ሰው ከቤት ሊወጣ ነው ብዬ ማንኪያውን ጥዬ ሮጥኩ። ጋዜጣውን ሳየው ግን ፎቶው ሌላ ነው። ከገጹ ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሕንጻ፣ መሐሉ ላይ እንደ ቤተ መቅደስ ያሉ ዓምዶች፣ ፊቱ ባዶ ሣር። ዋጋው 8 ሚሊዮን ፓውንድ።

«ይሄ ነው ቤትዎ?»

«ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። አንተ ደግሞ ገንፎው አረረ።»

አርሯል።

ዘመኑ 2015 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንዷን ብቻ በእኛ፤ ስንደርስባት እነግራችኋለሁ።) ቤቱ ዌንትወርዝ ውድሃውስ ይባላል፤ ዌንትወርዝ ከምትባል ትንሽ መንደር ዳር፣ ከሮዘራም ከተማ በስተሰሜን። ሴትዮዋ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ናቸው። በሃምሳዎቹ ዓመታት ቤቱ ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ የስፖርት መምህርነት ተምረውበታል። «ቤቴ» የሚሉት በዚያ ሂሳብ ነው። እኔ ግን ይህችን ቃል በዚያ ዓይነት ድምፅ የሰማኋት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ከሌላ ሴት አፍ። ያንን ቀን ሙሉ ሴትዮዋን ሳይሆን የዚያችኛዋን ድምፅ ነበር ስሰማ የዋልኩት።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ቤቱን ላየው ሄድኩ። የሚሸጥ ቤት ማየት ደስ ይለኛል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው መዝናኛ ነው። ደላላ አያስፈልገውም፣ ቀብድ አይጠይቅም።

ከሼፊልድ በባቡር ኤልሲካር ወረድኩ። ኤልሲካርን የዚያ ቤት ባላባቶች ናቸው ለከሰል ሠራተኞቻቸው ያቆሟት፤ በረድፍ የተሠሩት የድንጋይ ቤቶች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። እዚያው በ1795 የተተከለ፣ ከጉድጓድ ውሃ ይስብ የነበረ የእንፋሎት ሞተር አለ። የዚህ ዓይነት ሞተር መጀመሪያ በተተከለበት ቦታ ላይ እንደቆመ የቀረው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ከዚያ ዳገቱን በእግር ወጣሁ። ዌንትወርዝ መንደር ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በሮቹን ነው፤ ቤቱ ሁሉ በሩ አንድ ዓይነት አረንጓዴ። አብዛኛው ቤት ዛሬም የድሮው ባላባት ርስት አካል ስለሆነ ቀለሙን የሚመርጠው ተከራዩ አይደለም። ሁለት መጠጥ ቤቶች አሉ፤ አንደኛው ሮኪንግሃም የሚለውን የባላባቱን ማዕረግ ተሸክሟል። መንደሩ ሁሉ የአንድ ሰው ግቢ ሆኖ ተሰማኝ።

በፓርኩ መካከል ለማንም እግረኛ የተፈቀደ መንገድ አለ። አጋዘኖቹን አልፌ ወጣ ስል ቤቱ ፊት ለፊቴ ቆመ። ቆመ ማለት ግን አይገልጸውም፤ ተኛ። 185 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ በአውሮፓ የግል መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ረጅሙ ፊት ነው እየተባለ ይነገርለታል። በአንድ ዕይታ አይያዝም፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንገት ማዞር ይፈልጋል። ድንጋዩ በከሰል ጭስ ጠቁሯል። መስኮቶቹን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ክፍሎቹ ከ300 በላይ ናቸው፤ ለዓመቱ ቀናት ሁሉ አንድ አንድ ክፍል አለ የሚሉም አሉ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት በብር ዕቃ ይሰጠው ነበር አሉ፤ ለእራት ሲወርድ በየመተላለፊያው እያንጠባጠበ ሄዶ፣ ማታ ያንን እየተከተለ መኝታውን እንዲያገኝ። እውነት ይሁን ተረት፣ ቤቱን ላየ ሰው ለማመን አይከብድም።

በነገራችን ላይ ይህ አንድ ቤት አይደለም። ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ቤቶች ናቸው። ምዕራቡን ፊት በ1720ዎቹ በጡብ ሠሩት፤ ብዙም ሳይቆይ ፋሽኑ ተለወጠና በ1730ዎቹ ከበስተጀርባው ይኼን ረጅሙን በድንጋይ ጀመሩ። ያሠራው ሰው በኋላ የመጀመሪያው ማርኩዊስ ሮኪንግሃም ተባለ። ልጁ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ሁለተኛውን ሹመቱን ሳይጨርስ በ1782 ሞተ። ወራሽ ልጅ ስላልነበረው ሁሉ ነገር ለእህቱ ልጅ ለኧርል ፊትዝዊልያም አለፈ (ማርኩዊስም ኧርልም የባላባት ማዕረግ ናቸው)። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከምድር በታች ያለው ከሰል ታሪክ ነው። ከመሬቱ ሥር የእንግሊዝ ምርጥ ከሚባሉት የከሰል ንብሮች አንዱ ያልፍ ነበር።

ከሰል ብቻም አልነበረም። ቤተሰቡ በአየርላንድ፣ ዊክሎ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ኩላቲን የሚባል ሰፊ ርስት ነበረው። በ1840ዎቹ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ረሃብ ሲገባ፣ ጭሰኞቹን በራሱ ወጪ መርከብ እያሳፈረ ወደ ካናዳ ሸኛቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 6,000 ሰው። ያሳፈራቸው ደግ ስለሆነ ነው የሚል አለ፤ መሬቱን ለማስለቀቅ ነው የሚልም አለ። እኔ መርከቡ ላይ ካሉት ሆኜ ነው የማስበው። ቤት ፈርሶብህ ቲኬት ሲቆረጥልህ አመስግን ቢሉህ ለማን ትነግራለህ?

ሴትዮዋ ስለ አየርላንዶቹ አያውቁም ነበር። የሚያውቁት አባታቸውን ነው።

«አባቴ ጌታውን አይወድም ነበር» አሉኝ አንድ ቀን እግራቸውን ሳጥብ። «ግን ሌሎቹን ጌቶች ደግሞ የበለጠ ይጠላ ነበር።» ለነገሩ የፊትዝዊልያሞች ስም በሠፈሩ ክፉ አይደለም። ቤት ሠርተዋል፣ ጡረታ ከፍለዋል ይባላል። ይህ ደግነት ከየት እንደሚመነጭ ሴትዮዋን ስጠይቃቸው «ከእኛው» አሉና ሳቁ።

በ1912 ክረምት ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ እዚህ ቤት ለቀናት ተቀምጠው የሠራተኛውን አገር ሊጎበኙ መጡ። ገና በመጡ በማግስቱ፣ ሐምሌ 9፣ ብዙም በማይርቀው የኬድቢ ጉድጓድ ጋዝ ፈነዳ። ንጉሡን ለማየት ብዙ ሰው ከሥራ ቀርቶ ባይሆን ኖሮ የሟቹ ቁጥር ይብስ ነበር ይባላል። የመጀመሪያው ፍንዳታ ጉድጓዱ ውስጥ የነበሩትን ገደለ፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊያወጧቸው የገቡትን። ከ80 በላይ ሰው አለቀ። ንጉሡና ንግሥቲቱ ያን ምሽት ወደ ኬድቢ ሄደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ከቆመው ለቅሶኛ ጋር ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው የገቡት ወደዚህ ቤት ነው። ያን ሌሊት እራት እንዴት እንደቀረበ፣ ማን ምን እንዳወራ ሳስብ አድሬያለሁ። ማዕዱን የሚያሞቀው ምድጃ ውስጥ ያለውስ ከሰል ከየት መጣ?

ሴትዮዋ አሥር ዓመታቸው ሳለ የሆነውን ግን በዓይናቸው አይተዋል፤ እኔም ከቤቱ ታሪክ ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው ይኼኛው ነው።

1946። ጦርነቱ አልቋል፣ አገሩ ነዳጅ አጥቷል። የሠራተኛው ፓርቲ ሥልጣን ይዟል፤ የነዳጅና ኃይል ሚኒስትሩ ኢማኑኤል ሺንዌል። ከቤቱ ግቢ ሥር ላዩ ላይ ያለ ከሰል አለ ተባለ። ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም፣ አፈሩን ከላይ ገፍፎ ማውጣት ነው። ትእዛዝ ወጣ፤ ማሽኖቹ ገቡ። የእርሻው ማሳ ተገለበጠ፣ ፓርኩ ተገለበጠ፣ ቀጥሎ የአትክልት ስፍራው። ዛፎቹ ተነቅለው፣ የጽጌረዳው መደብ ተድጦ፣ የአፈር ክምሩ ከምዕራቡ ፊት መስኮቶች ሥር ደረሰ። የጊዜውን ፎቶ አይቻለሁ። ቤቱ ከጭቃ ባሕር ዳር የቆመ መርከብ ይመስላል።

እዚህ ላይ ታሪኩ እኔ እንደጠበቅኩት አልሄደልኝም። ለዘመናት ለጌታ ሲቆፍር የኖረ ሠራተኛ፣ የራሱ መንግሥት መጥቶ የጌታውን ጓሮ ሲያርስ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አልሆነም። የዮርክሻየር የከሰል ሠራተኞች ማኅበር መሪው ጆ ሆል ለጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ አቤት አለ፤ ይህን ካደረጋችሁ ሥራ እናቆማለን ብሎ አስጠነቀቀ። ከሰሉ ጥራት የለውም፣ ለድካሙ አይመጥንም ያሉ ባለሙያዎችም ነበሩ። ሺንዌል አልሰማም።

«አባትዎ ምን አሉ?»

«ተቆጣ። እሁድ እሁድ እኛን ይዞ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረውማ። ስድስት ቀን ከምድር በታች ነው፤ ሰባተኛው ቀን ዛፍ ማየት ይፈልጋል። ‹ዛፉ የጌታው ነው፣ ጥላው ግን የእኔ ነበር› ይል ነበር።»

ይህችን የአባታቸውን ቃል በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌ ይዣታለሁ።

ሺንዌል በክፋት ነው ያደረገው፣ ባላባቱን ሊያዋርድ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ይሆናል። እኔ ግን ለሰውየውም ትንሽ አዝንለታለሁ፤ በዓመቱ የመጣው የ1947 ብርድ እንግሊዝን ሊገድላት ነበር፤ ከሰል ያላገኘ ሰው የቤት ዕቃውን የሚያነድበት ጊዜ ነው። ብቻ የከሰል ሠራተኞቹ ከሚኒስትሩ የበለጠ የገባቸው አንድ ነገር ነበር፦ አንዳንድ ነገር ከወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበትም ያንተ ነው።

አሁን በእኛ አቆጣጠር የምጽፋት ዓመት ላይ ደርሰናል። 1967። ሐምሌ ወር ላይ ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይቀርለታል፣ የቀረው ይወረሳል። እኔ አልተወለድኩም። የተወለድኩት ግን ከተወረሰ ቤት ውስጥ ነው፤ ወላጆቼ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነበሩ። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ኪራዩ በወር ከአሥር ብር የማይሞላ።

የድሮዋ ባለቤት ከአጥራችን ማዶ ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። አራት ቤት ሠርተው ከማከራየታቸው በፊት ጠላ ሻጭ ነበሩ ይባላል፤ ባላባት አልነበሩም፣ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀሙ ሴት ናቸው። አዋጁ አንዱን ትቶላቸው ሦስቱን ወሰደ። በእኛ ጓሮ የእሳቸው የጌሾ ዛፍ ቀርታለች። በየዓመቱ ለፋሲካ ጠላ ሊጠምቁ ሲሉ ይመጡና የገዛ ቤታቸውን በር ያንኳኳሉ። «ቅጠል ልቁረጥ?» ይላሉ ለእናቴ፤ ከደጅ ቆመው። አንድ ጊዜ እናቴ በደግነት «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ የራስዎ ቤት አይደል!» ብላ ከአፏ አመለጣት። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። እማማ ግን ምንም አላሉም፤ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና «ቤቴ እኮ ያፈሳል» አሉ።

ያፈሳል። እኛ አንጠግነውም፤ የኛ ስላልሆነ። ቀበሌው አይጠግነውም፤ በአሥር ብር ኪራይ ከየት አምጥቶ? እማማ ደግሞ ቢፈልጉም አይፈቀድላቸውም። ክረምት ሲገባ ሳፋውና ባልዲው ከአልጋ ሥር ይወጣል፤ ማታ ማታ በድምፃቸው የትኛው እንደሞላ እናውቅ ነበር። የቆርቆሮው ቶሎ ይጮኻል፣ የፕላስቲኩ ዝም ይላል።

ሰፈሩ ኋላ ለልማት ፈረሰ። እማማ ያን አላዩም፣ ቀድመው አርፈዋል። የጌሾዋን ዛፍ ማን እንደነቀላት አላውቅም።

ወደ ዌንትወርዝ ልመለስ። ሰባተኛው ኧርል በ1943 ሞተ። ስምንተኛው በ1948 በፈረንሳይ ሰማይ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ፤ አብራው የሞተችው የኋላው ፕሬዝዳንት የጆን ኬኔዲ እህት ካትሊን ናት። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጌታ፣ ሁለት ጊዜ የውርስ ግብር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ቤት ይፈርስ ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከሺህ በላይ ፈርሷል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው ጣሪያውን አስወርደው እርሳሱንና እንጨቱን የሚሸጡት። ይህን ቤት ያዳነችው የሰባተኛው ኧርል እህት ሌዲ ሜብል ናት። ጌታ ቤት ተወልዳ የሠራተኛው ፓርቲ ደጋፊና የአካባቢው ምክር ቤት አባል የነበረች ሴት ናት። ቤቱን ምክር ቤቱ እንዲከራየውና የሴቶች የስፖርት መምህራን ማሠልጠኛ እንዲሆን አደረገች። ኮሌጁም በስሟ ተጠራ። እስከ 1979 ቆየ፤ ከዚያ የሼፊልድ ፖሊቴክኒክ ሆኖ ቀጠለና በ1988 ወጪውን አልቻልንም ብለው ለቀቁት።

የከሰል ቆፋሪ ልጅ ወደዚህ ቤት የገባችው በዚያ በር ነው። «አባቴ ኮሌጅ የገባሁ ቀን ሸኝቶኝ እስከ ደረጃው መጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ» አሉኝ። «‹ማንም የለም እኮ፣ ልበሰው› ስለው፣ ‹ልማድ ነው› አለኝ።» መኝታቸው ከላይኛው ፎቅ፣ ለሁለት ሴት ልጆች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣሪያው ያንጠባጥብ ስለነበር ከአልጋው አጠገብ ባልዲ ነበረን ሲሉኝ እጄን ከሳሙናው አወጣሁ።

«ባልዲ?»

«ባልዲ። ምነው?»

«ምንም» አልኳቸው።

ስለ ፈረሱ ሳልነግራችሁ እንዳልረሳ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርኩዊስ ፈረስ ወዳድ ነበር፤ ጋጣው ብቻ ከ80 በላይ ፈረስ የሚይዝ፣ ከሩቅ ያየው እሱን ራሱን ዋናው ቤት ነው ብሎ የሚሳሳትበት ሕንጻ ነው። ዊስልጃኬት የሚባል እሽቅድምድም ያሸነፈ ፈረስ ነበረው። በ1762 ገደማ ጆርጅ ስተብስ የሚባለውን ሠዓሊ ጠርቶ አሣለው። ሥዕሉ ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ፈረሱ በቁመቱ ልክ ተሥሏል፤ ከበስተጀርባው ሰማይ የለ፣ ሣር የለ፣ ጋላቢ የለ፤ ፈረስ ብቻ፣ በኋላ እግሮቹ ተነሥቶ። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ዓይኑ ከሰው ላይ አይነቀልም። ጋለሪው በ1997 ሲገዛው የከፈለው 11 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

ቤቱ ደግሞ ኮሌጁ ከወጣ በኋላ በ1989 ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ፤ ነጋዴው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ባንክ ወረሰው፤ በ1999 ክሊፎርድ ኒውቦልድ የሚባል አርክቴክት ገዛው። ስንት? ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ። ፈረሱ ግድግዳውን ከነጣሪያው፣ ከ300 ክፍሉ ጋር፣ ሰባት ጊዜ ይገዛዋል። «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ ሜዳው አለ፤ ፈረሱ ተሸጧል፤ በቦታው የተሰቀለው ቅጂ ነው።

መጀመሪያ ይህን ሂሳብ ስሠራ ደላሎቹ አብደዋል ብዬ ነበር። ኋላ ገባኝ። ፈረሱ አይበላም፣ አያፈስም፣ አይሰነጠቅም። ቤቱን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ጣሪያውን ነው፤ ጣሪያው ደግሞ በየዓመቱ እንደገና ይሸጥልሃል። ኒውቦልድ ዕድሜውን ጨረሰበት፤ የከሰል ቁፋሮው ከሥሩ መሬቱን አሰምጦታል፣ ግድግዳውን ሰንጥቆታል ብሎ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከሰሰ። በ2015 ሞተ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክሱ ውድቅ ሆነ። ቤቱን የሠራው ከሰል ነው፤ ቤቱን ከሥሩ ይቦረቡረው የነበረውም ያው ከሰል ነው ብሎ ነበር ሰውየው። ፍርዱ ልክ ይሁን አይሁን የሕግ ሰው ይናገር፤ እንደ ታሪክ ግን ከዚህ የተሻለ ማን ይደርሳል?

እና ኒውቦልድ በሞተበት ዓመት ነው ሴትዮዋ ጋዜጣ ላይ ያዩት፤ 8 ሚሊዮን። በለንደን ውድ ሰፈር በዚህ ብር አንድ ጥሩ አፓርታማ ይገኛል። የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ሊገዛው ነው ተባለ። ሴትዮዋ ለሳምንታት አጉረመረሙ፤ «ለቻይና ሊሸጡኝ ነው» ይላሉ፣ ራሳቸውን እንደ ዕቃ ቆጥረው። በ2016 መጀመሪያ ሽያጩ ፈረሰ። ያን ጊዜ የአገሩን ቅርስ የሚታደጉ ሰዎች ገንዘብ እያሰባሰቡ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር የገንዘብ ሚኒስትሩ ፊሊፕ ሃሞንድ በፓርላማ ተነሥቶ ለጥገናው 7.6 ሚሊዮን ፓውንድ መድቤያለሁ አለ። ቤቱ ለአንድ ዝነኛ ልቦለድ መነሻ ነው ይባላል ብሎም ጨመረበት፤ አዋቂዎቹ ማን አለህ ብለው ወረዱበት። ገንዘቡን ግን ማንም አልመለሰም። በመጋቢት 2017 ለዚሁ የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ጥገናው ግን ወደ 42 ሚሊዮን ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከዋጋው ስድስት እጥፍ።

የተገዛ ዕለት ሻምፓኝ የለኝ፣ ሻይ አፍልቼ ሄድኩና «ቤት ለእምቦሳ!» አልኳቸው ለሴትዮዋ። ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ አዲስ ቤት ለገባ ሰው የሚባል ነው፣ መልሱም «እምቦሳ እሰሩ» ነው፣ እምቦሳ ማለት ጥጃ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ማሰሪያውማ ሞልቶናል፤ ጋጣውን አይተኸዋል» አሉኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስገባ ሰላምታቸው «እምቦሳ» ሆነ። አነጋገራቸው ላይ ፊደሉ ሁሉ ይሰበራል፤ እኔም አላረምኩም።

2019 ላይ ጣሪያው ሲጠገን፣ በብረት መሰላሉ ላይ የተሠራውን መተላለፊያ ለጎብኚ ከፈቱት። ቲኬት ተቆርጦ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ሴትዮዋ ያኔ ከወንበር ወደ አልጋ መሄድም ይከብዳቸዋል። «አንተ ውጣልኝ» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ እይልኝ፤ ኤልሲካር ይታያል ወይ?»

ወጣሁ። የራስ ቁርና ቢጫ ሰደርያ አልብሰውን፣ እንደ ግንበኛ። ከሥሬ ያለው ሁሉ ዝርዝር ሆነ፤ የተነሣው የድንጋይ ክዳን በረድፍ ተደርድሯል፣ እርሳሱ ተጠቅልሏል፣ አሸንዳዎቹ ውስጥ ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ስፋት አለ። አንዲት አስጎብኚ የበሰበሰ ተሸካሚ እንጨት አሳየችን፤ በጣቷ ስትነካው እንደ ዳቦ ተፈረፈረ። በምዕራብ በኩል ያለውን ሣር አየሁ። ጠባሳ የለውም። 1946ን የማያውቅ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ሁሌም ሣር ብቻ እንደነበረ ይምላል። በስተሰሜን ዛፎቹ መካከል ጣሪያዎች ታዩኝ። ያ ኤልሲካር ነው ወይ ብዬ አስጎብኚዋን ጠየቅኋት፤ በዚያ አቅጣጫ ነው አለችኝ።

ስንወርድ በላይኛው ፎቅ መተላለፊያ በኩል አለፍን። አንዱ በር ገርበብ ብሎ ነበር።

ማታውን ሄድኩላቸው። ተኝተዋል መስሎኝ በቀስታ ገባሁ፤ አልተኙም።

«ታየህ?»

«ታየኝ» አልኳቸው። «ዛፉ ሸፍኖታል እንጂ ጣሪያዎቹ ይታያሉ።»

«ዛፍ አለ?»

«ብዙ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ኮርኒሳቸው እያዩ፣ «የኛ ክፍልስ? ባልዲው አሁንም አለ?» አሉኝ።

«ሦስት ቆጠርኩ» አልኳቸው። «አንዱ የቆርቆሮ ነው።»